የቦይለር ጥሩነት በጭሱ ይታወቃል

(ይህ ጽሑፍ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለ አንድ አዳራሽ ውስጥ ለሆቴል ባለቤቶች፣ ለጥገና ባለሙያዎችና ለምህንድስና ተማሪዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት ይህችን ትንሽ የጋዝ ምድጃ ላብራት። ፊት ወንበር ላይ ያላችሁ ጠጋ በሉ። ይህ ድስት ከፍሪጅ የወጣ ውሃ አለበት። ውጪውን አሁን በፎጣ ጠርጌዋለሁ፤ ደረቅ ነው። እሳቱ ላይ እጥደዋለሁ። እስከ ሃያ ቁጠሩ።

አሁን ላንሳው። ታቹን እዩት። አልቦታል። ጠብታ ይዟል። አንዷ እሳቱ ላይ ወድቃ ትሽ ስትል ሰምታችኋል። ከክፍሉ አየር የመጣ ነው እንዳትሉኝ፣ ልክ ይህንኑ የሚመስል ሌላ ድስት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ። እሱ ላይ ያለው ስስ ጭጋግ ብቻ ነው።

ድስቱ አልተበሳም። ውሃው የመጣው ከእሳቱ ነው። ይህን ሁላችሁም ቤታችሁ አይታችሁታል። ማንቆርቆሪያ ጋዝ ላይ ሲጣድ መጀመሪያ ታቹ ያልበዋል፣ ትንሽ ቆይቶ ይደርቃል። ውጪውን በደንብ ያልጠረግነው መስሎን እናልፈዋለን። ዛሬ የምነግራችሁ ነገር በሙሉ የሚነሳው ከዚህች ጠብታ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሲሊንደር የምንገዛው ጋዝ ውስጥ ካርቦንና ሃይድሮጅን አለ። ሲነድ ካርቦኑ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተገናኝቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ሃይድሮጅኑ ደግሞ ውሃ ይሆናል። 10 ኪሎ ጋዝ ሲቃጠል 16 ኪሎ ያህል ውሃ ይወጣዋል። ከ10 ኪሎ እንዴት 16 ኪሎ ይወጣል ያላችሁ እንደሆነ፣ የተረፈው ክብደት ከአየሩ የተወሰደ ኦክስጅን ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለመሙላት አራት ሊትር ብቻ የሚጎድለው ውሃ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ውሃ እንፋሎት ሆኖ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ማንም አያየውም።

ቢወጣስ ምን ችግር አለው? ይህን ከእኔ በላይ እንጀራ የምትጋግሩ ታውቁታላችሁ። አክንባሎውን ስታነሱ የሚወጣው እንፋሎት እጅ ካገኘ ምን ያህል እንደሚያቃጥል አይነገርም። ምድጃው አጠገብ ያለው ደረቅ አየር እንደዚያ አያቃጥልም። ምክንያቱም እንፋሎቱ እጅ ላይ ሲያርፍ ተመልሶ ውሃ ይሆናል፣ ውሃ ሲሆን ደግሞ የተሸከመውን ሙቀት በአንድ ጊዜ ያራግፋል። በቁጥር ልንገራችሁ። አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 100 ዲግሪ ለማድረስ 335 ኪሎጁል ያህል ይበቃል። ያንኑ አንድ ሊትር የፈላ ውሃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግን 2,260 ኪሎጁል ያስፈልጋል። ሰባት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። እንፋሎቱ ተመልሶ ውሃ ሲሆን ያንኑ ይመልሳል። ፋሲል ግቢን የጎበኘ ሰው የእንፋሎት መታጠቢያ ቤቱን አይቶ ይሆናል። የጎንደር ነገሥታት እንፋሎት የሚሸከመውን ሙቀት በገላቸው ያውቁት ነበር።

አሁን ሁለቱን እናገናኛቸው። ከ10 ኪሎ ጋዝ የወጣው 16 ኪሎ እንፋሎት የያዘው የተደበቀ ሙቀት 10 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። በዚህ ብቻ ከ400 ሊትር በላይ ውሃ ከ20 ወደ 40 ዲግሪ ማሞቅ ይቻላል። ስምንት ሰው ሻወር ይወስድበታል። ገንዘብ ከፍለን የገዛነው ነው፣ ግን ጣሪያ ላይ ወጥቶ ወደ ሐይቁ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ ልናገር። እኛ ከተማ "ቦይለር" ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው ባኞ ቤት ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለው የኤሌክትሪክ ውሃ ማሞቂያ ነው። እኔ የማወራው ስለ ትልቁ ነው። ነዳጅ አቃጥሎ ለሕንፃ በሙሉ ሙቅ ውሃ ስለሚሰጠው። በቀዝቃዛ አገር ይህ ውሃ በቧንቧ እየዞረ ክፍሎቹን ያሞቃል። ቤቱ የሚሞቀው በእሱ ነው።

"በሚያዝያ ጥላ የምንፈልግ ሰዎች ስለ ክፍል ማሞቂያ ምን አስጨነቀን?" ትሉ ይሆናል። ሦስት ነገር አስጨንቆኛል። አንደኛ፣ እዚህ ከተማ ሆቴሎችም ሆስፒታሎችም የሚያስገቡት ቦይለር የተነደፈው ለዚያ ለቀዝቃዛው አገር ነው። ለምን እንደዚያ እንደተነደፈ ካላወቅን አስተካክለን ልንጠቀምበት አንችልም። ሁለተኛ፣ ነዳጁ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው። ሦስተኛውን መጨረሻ ላይ አነሳዋለሁ፣ ለእኔ ዋናው እሱ ነው።

አንድ ገጠመኝ ላውራችሁ። የሆቴሉን ስም አልጠራም። "ቦይለሩ ናፍጣ ይጠጣል" ተብዬ ተጠራሁ። በርነሩን፣ ማለትም ነዳጁን ከአየር ጋር ቀላቅሎ የሚያነደውን ክፍል፣ ለመቀየር ዋጋ ሁሉ ጠይቀዋል። እኔ መጀመሪያ የማየው ጭስ ማውጫውን ነው። ከቦይለሩ እንደወጣ መለኪያ ከተትኩበት፤ 310 ዲግሪ። ውሃውን የሚያሞቁት ለ60 ዲግሪ ነው። 60 ዲግሪ ለሚፈልግ ውሃ 310 ዲግሪ ጭስ ማውጣት ለዘመድ ቡና እያፈሉ መንገደኛውን መጋበዝ ነው። ቦይለሩን ከፈትነው። ጭሱ የሚያልፍባቸው ቱቦዎች ውስጣቸው በጥላሸት ተሸፍኗል። የውሃው ወገን ደግሞ ብሷል። ነጭ ቅርፊት ይዟል፣ አንዱን ቁራጭ በመዶሻ መትቼ አወጣሁት። የእንቁላል ቅርፊት ይመስላል፣ ግን ውፍረቱ እንደ ሃምሳ ሳንቲም ነው። እስካሁን መሣሪያ ሣጥኔ ውስጥ አለ። ይኸው፣ ተቀባበሉት።

ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚይዘው ነጭ ነገር ማለት ነው። የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ቶሎ ይይዛል። ብረት ሙቀትን ከዚህ ቅርፊት ቢያንስ ሃያ እጥፍ አሻሽሎ ያስተላልፋል። ስለዚህ እሳቱ ከውሃው ጋር እየተነጋገረ ያለው በወፍራም ብርድ ልብስ ውስጥ ነው። እሳቱ ሙቀቱን ማስረከብ ሲያቅተው ይዞት ይወጣል። ጥላሸቱን ጠረግን፣ ቅርፊቱን በአሲድ አጠብን፣ በርነሩን አስተካከልን። ጭሱ ወደ 190 ወረደ። ምንም አዲስ ዕቃ አልተገዛም። በሙያችን የታወቀ ስሌት አለ፤ ጭሱ በ22 ዲግሪ ገደማ በቀዘቀዘ ቁጥር ከነዳጁ አንድ ከመቶ ይተርፋል። ከ310 ወደ 190 ማለት ከአምስት ከመቶ በላይ ነው። ቦይለራችሁን ማንም ሰው "ጥሩ ነው" ቢላችሁ "ጭሱ ስንት ዲግሪ ነው?" ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ከሌለው አልለካውም ማለት ነው።

ታዲያ ጭሱን እስከ የት ማቀዝቀዝ ይቻላል? ድሮ ዲዛይነሮች ከ120 ወይም ከ150 ዲግሪ በታች እንዲወርድ አይፈልጉም ነበር። እውነታቸውን ነው። ከዚያ በታች ከወረደ አንድ ቦታ ላይ እንፋሎቱ ወደ ውሃ መለወጥ ይጀምራል፣ ያ ውሃ ደግሞ አሲድነት አለው። ተራ ብረት ይበላል። ጭስ ማውጫው ይዝጋል፣ ቦይለሩ በጥቂት ዓመት ይበሳል። ስለዚህ ሙቀቱ እየሄደ መሆኑን እያወቁ ለቀቁት።

ይህን የቀየሩት በተለይ ሆላንዶች ናቸው፤ ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ነዳጅ ተወዶ ነበር። ሐሳባቸው ቀላል ነው፤ ውሃው ብረቱን የሚበላ ከሆነ ብረቱን እንቀይር። ሙቀት የሚተላለፍበትን ክፍል ከማይዝግ ብረት ወይም ከአሉሚኒየም ቅይጥ ሠሩት። ጭሱ ስለሚቀዘቅዝ ጭስ ማውጫው ፕላስቲክ ቢሆን ችግር የለውም። እንዲያውም ጭሱ በራሱ ለመውጣት ጉልበት ስለሚያጣ ማራገቢያ ይገፋዋል። ታች በኩል ደግሞ ውሃው የሚፈስበት ቀጭን ቱቦ አለው። ኮንደንሲንግ ቦይለር የሚባለው ይህ ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ አዲስ የሚገጠም የጋዝ ቦይለር ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር ይህ ዓይነት እንዲሆን ደንግጋለች።

ብቃት ማለት ከነዳጁ ሙቀት ውስጥ ወደ ውሃው የሚገባው ድርሻ ነው። ካታሎግ ላይ "ብቃቱ 105 ከመቶ" የሚል ብታዩ አትደንግጡ። ውሸት አይደለም። ድሮ የነዳጅ ጉልበት ሲሰላ የእንፋሎቱ ሙቀት "መቼም አይገኝም" ተብሎ ከሂሳቡ ተቀንሶ ነበር። አሁን ሲገኝ መቶውን አለፈ። እንፋሎቱንም ጨምራችሁ ካሰላችሁ ከመቶ በታች ነው።

አሁን ልብ በሉ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኮንደንሲንግ ቦይለር ስለገዛችሁ ብቻ አይቆጥብላችሁም። እንፋሎቱ ውሃ የሚሆነው ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ነው። ድስቴ ያላበው ከፍሪጅ ስለወጣ ነው። አሁን እዩት፣ ውሃው ለብ ብሏል፣ ታቹም ደርቋል። ያው ጋዝ፣ ያው እሳት ነው። የተለወጠው ድስቱ ውስጥ ያለው ውሃ ሙቀት ብቻ ነው። እንፋሎቱ ውሃ መሆን የሚጀምርበት ወሰን ለተፈጥሮ ጋዝ፣ በባሕር ጠለል ከፍታ፣ 55 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለናፍጣ ከዚያም ያነሰ ነው። ወደ ቦይለሩ ተመልሶ የሚገባው ውሃ ከዚያ በላይ ከሞቀ፣ ያ ውድ ዕቃ እንደ ድሮው ቦይለር ይሆናል።

ስለዚህ ዲዛይን የሚጀምረው ከተመላሹ ውሃ ነው። በቀዝቃዛ አገር ድሮ ራዲያተሩ፣ ማለትም ሙቅ ውሃ እያለፈበት ክፍሉን የሚያሞቀው ብረት፣ ትንሽ ይሆንና ውሃው በ80 ዲግሪ ይላክለታል፣ በ60 ይመለሳል። ቤቱ ይሞቃል፣ እንፋሎቱ ግን አይያዝም። ራዲያተሩን ትልቅ አድርጋችሁ ውሃውን በ50 ብትልኩለት ክፍሉ ያው ይሞቃል፣ ውሃው ደግሞ በ35 ወይም በ40 ይመለሳል። ከሁሉም የሚሻለው ወለል ውስጥ የተቀበረ ቧንቧ ነው። ወለሉ ሰፊ ስለሆነ 35 ዲግሪ ውሃ ይበቃዋል። ሰፊ ቦታ ካለ ትንሽ ሙቀት ይበቃል።

እኛ ባሕር ዳር ላይ ደግሞ እነሱ የሌላቸው ዕድል አለን። የእኛ ሆቴል ውሃ አያዞርም፣ ለሻወር አዲስ ውሃ ነው የሚያሞቀው። አዲሱ ውሃ የሚገባው በ20 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚህ የተሻለ እንፋሎት የሚይዝ ነገር የለም! ግን አገጣጠሙን እናበላሸዋለን። ቀዝቃዛው ውሃ ታንከሩ ውስጥ ከሙቁ ጋር ይቀላቀላል፣ ሁሉም 55 ይሆንና ወደ ቦይለሩ ይሄዳል። ትክክለኛው አካሄድ ታንከሩን ቀጭንና ረጅም አድርጎ ማቆም ነው። ሙቁ ላይ ይንሳፈፋል፣ ቀዝቃዛው ታች ይቀራል። ለቦይለሩ የሚሄደው ከታች ይቀዳ። ቦይለሩ ውስጥም ጭሱ ወደ ታች፣ ውሃው ወደ ላይ ይሂዱ። ሊወጣ ያለው ጭስ መጨረሻ ላይ የሚያገኘው በጣም ቀዝቃዛውን ውሃ ይሁን። ተማሪዎች፣ ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ደብተራችሁ ላይ ከጻፋችሁ ይህን ጻፉ።

ከፍታችንም ጣጣ አለው። ጣና ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር አካባቢ ነው ያለው። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። አየሩም ከባሕር ጠለሉ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለሚላን ወይም ለኢስታንቡል የተስተካከለ በርነር እዚህ ሳይነካ ቢገጠም አየር ያንሰዋል። አየር ሲያንሰው ጥላሸት ያበጃል። ከዚያ የሚገርም ነገር አይታችኋል? "በርነሩ ጥቁር ጭስ አመጣ" ይባልና አየሩ እስከ መጨረሻው ይከፈታል። አሁን ደግሞ አየሩ ይበዛል። ትርፉ አየር ሳያስፈልግ ይሞቅና ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። መሐሉን በዓይን ማግኘት አይቻልም፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ኦክስጅን በመሣሪያ ይለካ። ከ3 እስከ 5 ከመቶ ከሆነ ጥሩ ነው። ሻጩንም "ይህ 100 ኪሎዋት የሚለው እዚህ ከፍታ ላይ ስንት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥሩ ይቀንሳል። እንፋሎቱ ውሃ የሚሆንበት ወሰንም በጥቂት ዲግሪ ዝቅ ይላል፣ ስለዚህ ተመላሹን ውሃ ከአውሮፓው የበለጠ ማቀዝቀዝ አለብን።

ይህን ሰምታችሁ "እንግዲያው ትልቁን እንግዛ" እንዳትሉ። ትልቅ ቦይለር ትልቅ ኪሳራ ነው። የባጃጅ ሾፌር ጠይቁ። ቀጥ ያለ መንገድ ላይ በአንድ ፍጥነት ሲሄድ ነዳጅ አይበላበትም። ገበያ ውስጥ ቆም ሄድ ቆም ሄድ ሲል ነው የሚበላበት። ከልክ በላይ ትልቅ የሆነ ቦይለርም እንዲሁ ነው። አምስት ደቂቃ ይነድዳል፣ ይጠፋል። ከእያንዳንዱ መነሻ በፊት ማራገቢያው ውስጡን በቀዝቃዛ አየር ያጸዳዋል፤ ለደህንነት ግድ ነው፣ ግን የሞቀውን ብረት ያቀዘቅዘዋል። ይህ በቀን መቶ ጊዜ ሲሆን አስቡት። ጥሩው ነገር እሳቱን ከፍ ዝቅ ማድረግ የሚችል በርነር ነው። ሁለት ትንንሽ ቦይለርም ከአንድ ትልቅ ይሻላል፣ አንዱ ቢበላሽ እንግዳው በቀዝቃዛ ውሃ አይታጠብም።

ልኩን ለማወቅ ሂሳቡ ከባድ አይደለም። 40 ክፍል ያለው ሆቴል እንበል። ለአንድ ክፍል በቀን 100 ሊትር ሙቅ ውሃ፣ በአጠቃላይ 4,000 ሊትር። ከ20 ወደ 60 ለማድረስ 186 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። አንድ ሊትር ናፍጣ 10 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይዟል። ብቃቱ 90 ከመቶ ከሆነ 21 ሊትር ገደማ ይበቃል። ብቃቱ 60 ከመቶ ከሆነ 31 ሊትር ይፈጃል። በቀን 10 ሊትር ልዩነት፣ በዓመት ከ3,600 ሊትር በላይ ነው። በዛሬ ዋጋ እናንተው አባዙት።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። "ውሃውን ቀዝቀዝ አድርጉ" ስል የሻወሩን ታንከር በ40 ዲግሪ አስቀምጡ ማለቴ አይደለም። ሌጂዮኔላ የሚባል ሳንባ የሚያጠቃ ባክቴሪያ አለ። ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ውሃ ውስጥ ይራባል፣ በሻወር ተን ወደ ሳንባ ይገባል። ታንከሩ ላይኛው ክፍል 60 ዲግሪ ይሁን። የሚቀዘቅዘው ታችኛው፣ ወደ ቦይለሩ የሚሄደው ነው። በቁጠባ ስም ሰው አይታመም።

ስለ እንጨት በአጭሩ። ትልልቅ ወጥ ቤቶቻችን አሁንም ባሕር ዛፍ ያነዳሉ። ትኩስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ሲነድ አይታችሁታል፣ ጫፉ ላይ እየተንጨረጨረ አረፋ ያወጣል። ያን ውሃ ለማትነን እሳቱ ለእያንዳንዱ ሊትር ከ2,260 ኪሎጁል በላይ ይከፍላል፣ ያም በጭስ ማውጫው ይሄዳል። እንጨቱን ፈልጦ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ ጣሪያ ሥር አንድ በጋ ማቆየት ከማንኛውም መሣሪያ ይቀድማል። እምቦጭን ማንደድ ይቻል እንደሆነም ሁሌ እጠየቃለሁ። ሐይቃችንን የወረረውን ነገር ነድዶ ማየት እኔም እመኛለሁ። ግን ከአሥር ኪሎ እምቦጭ ከዘጠኝ ኪሎ በላይ ውሃ ነው። በእሳት ማድረቅ ከሚያስገኘው በላይ ያስወጣል። ወይ ፀሐይ ታድርቀው፣ ወይ ባዮጋዝ ይሁን።

ፀሐይ ካነሳሁ አይቀር፣ እዚህ ከተማ ቦይለር ብቻውን መሥራት የለበትም። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በአማካይ በቀን ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ፀሐይ ያርፋል። ጣሪያ ላይ ያለ የፀሐይ ማሞቂያ ውሃውን ከ20 ወደ 40 ወይም 45 ያድርስ፣ ቦይለሩ የጎደለውን ይሙላ። በክረምት ደመና ሲሆን ሥራውን ቦይለሩ ይረከባል። ሌላም አለ። ኤሌክትሪካችን በአብዛኛው ከውሃ ነው የሚመጣው። ከዚህ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያለው የጢስ ዓባይ ጣቢያ ማመንጨት የጀመረው በ1964 እ.ኤ.አ. ነው። ሂት ፓምፕ የሚባለው ማሞቂያ ሙቀቱን ከውጪው አየር ስለሚወስድ፣ እንደኛ ባለ ሞቃት አየር አንድ ኪሎዋት ኤሌክትሪክ ተጠቅሞ ሦስት ያህል ሙቀት ይሰጣል። መብራት በአስተማማኝ ሁኔታ ካላችሁ ቦይለር ከመግዛታችሁ በፊት እሱን አስቡ። የቦይለር ሰው ሆኜ ይህን መናገሬ ሊያስገርማችሁ ይችላል፣ ግን እውነቱ ይህ ነው።

ስለ አደጋ ሳልናገር አልወርድም። እ.ኤ.አ. በ1905 አሜሪካ፣ ብሮክተን ከተማ፣ የአንድ ጫማ ፋብሪካ ቦይለር ፈንድቶ 58 ሰው ገድሏል። ዛሬ ቦይለር ላይ የምታዩት ግፊት ሲበዛ የሚያስተነፍሰው ሴፍቲ ቫልቭ፣ የግፊት መለኪያ፣ የምርመራ ደንብ፣ ሁሉም በሰው ሕይወት የተገዛ ነው። ውሃ ከ20 ወደ 90 ዲግሪ ሲሞቅ በ3 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። 1,000 ሊትር ያለበት መስመር 34 ሊትር ያህል መሄጃ ይፈልጋል። ለዚያ ነው መስፋፊያ ጋኑ የሚገጠመው። ሴፍቲ ቫልቩ ያንጠባጥባል ተብሎ በቡሽ የተወተፈበት ቦታ በዓይኔ አይቻለሁ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ያወጣሁት። እባካችሁ፣ የሚያንጠባጥብ ቫልቭ እየተናገረ ነው፤ ስሙት።

የቦይለር ክፍልም አየር ይግባበት። በተዘጋ ቤት ከሰል አንድደው ተኝተው ያልተነሱ ሰዎችን ሁላችንም እናውቃለን። ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። አይሸትም፣ አይታይም። ብርድ ነው ብላችሁ የአየር ቀዳዳውን በጨርቅ አትድፈኑ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ነገር ልምጣ። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ደባርቅ ከዚያም ከፍ ይላል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት እዚያ ያደረ ሰው ብርዱን ያውቀዋል። እዚያም ሕፃናት በሌሊት ይወለዳሉ። ገና የተወለደ ሕፃን እርጥብ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ሙቀቱን በደቂቃ ያጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የማዋለጃ ክፍል ቢያንስ 25 ዲግሪ እንዲሆን ይመክራል። ያለጊዜው የተወለደ ከሆነ ብርዱ ራሱ ገዳይ ነው። እንግዲህ ሕንፃ ማሞቅ የእኛ ጉዳይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

20 ካሬ ሜትር የሆነች አንዲት ክፍል እናስብ። ውጪው 6 ዲግሪ፣ ውስጡን 26 ማድረግ እንፈልጋለን። ጣሪያው ቆርቆሮ ብቻ ከሆነ በጣሪያው ብቻ 3 ኪሎዋት ሊደርስ ምንም የማይቀረው ሙቀት ይሸሻል። ኮርኒስ ተሠርቶ፣ ከኮርኒሱ በላይ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሙቀት የሚይዝ ነገር ቢነጠፍ ግን ከ200 ዋት በታች ይወርዳል። ከአሥር አንድ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ክፍል ሥራልን ብባል ቦይለሩን የማስበው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ አናጺ እጠራለሁ። ኮርኒሱ ይሠራል፣ የመስኮቱ ዙሪያ ይደፈናል፣ በሩ ላይ መጋረጃ ያለው መግቢያ ይጨመራል፣ ለመተንፈሻ የሚሆን አየር ደግሞ በልኩ ይተዋል። ከዚያ ግድግዳውን ጨምሮ የሚቀረው ፍላጎት ሁለት ኪሎዋት አካባቢ ይሆናል። ያ ለ35 ዲግሪ ውሃ የሚስማማ ሥራ ነው። ቀን በፀሐይ የሞቀ አንድ ታንከር ውሃ ሌሊቱን ብዙውን ይሸፍናል፣ ትንሽ ቦይለር ደግሞ ንጋት ላይ ይደግፈዋል።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ጤና ጣቢያ የምትሠሩ ኮንትራክተሮች እንዳላችሁ አውቃለሁ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ሊሾው ከመፍሰሱ በፊት የማዋለጃ ክፍሉ ወለል ውስጥ ቧንቧ አስቀብሩ፣ ከሥሩም ሙቀቱ ወደ መሬት እንዳይሄድ የሚከላከል ነገር አንጥፉ። ቦይለር ዛሬ ባይኖርም ቧንቧው ይጠብቃል። ሊሾው ከፈሰሰ በኋላ ግን ወለሉን መፈንቀል ነው።

ድስቱ ፈልቷል፣ ምድጃውን ላጥፋው። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።